ጥንቸሏ ማንንም ባታድን ኖሮስ?

የማራኪዋ እናት · ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ከተኛች በኋላ ነው ይህን የምጽፈው። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አማቴ ቡና እያፈሉ እኔና ልጄ አንድ የልጆች ካርቱን እናይ ነበር፤ ወደ አማርኛ ከተመለሱት አንዱ ነው። የዕለቱ ክፍል ታሪክ እንዲህ ነው። አንዲት ትንሽ ጥንቸል አለች፤ አንዱ ጆሮዋ እንደ ሌሎቹ አይቆምም፣ እስከ መሬት ተንጠልጥሏል። ሌሎቹ ይስቁባታል። ድብብቆሽ ሲጫወቱ "ጆሮሽ ያሳብቅብናል" ብለው ያባርሯታል። ብቻዋን ቁጥቋጦ ሥር ተኝታ ስታለቅስ ያ የተንጠለጠለ ጆሮ መሬቱ ላይ ይነጠፍና የቀበሮ ኮቴ ከሩቅ ይሰማታል። ሮጣ ትነግራቸዋለች፤ ሁሉም ይድናሉ። ከዚያ በኋላ ትከሻቸው ላይ አድርገዋት ይጨፍራሉ፣ ይዘምራሉ፣ ያልቃል።

እኔ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ልጄ ግን ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ከጀመረ በኋላም ዝም ብላ ቆየችና፣ "እማዬ፣ ቀበሮው ባይመጣ ኖሮ አያጫውቷትም ነበር?" አለችኝ።

መልስ አጣሁ። "ኧረ ያጫውቷታል" አልኋት፤ እርሷ ግን ካርቱኑን አይታለች፣ እንደማያጫውቷት ታውቃለች።

ለምን እንደጠየቀች ልንገራችሁ። ልጄ ግራኝ ናት። ማንኪያ ከያዘችበት ቀን ጀምሮ በግራዋ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት ነው የሚቀመጡት፤ ክርኗ የጎን ጓደኛዋን እየገፋ ደብተሩን ያበላሽበታል፤ እርሱም ለመምህርቷ ይከሳል። ባለፈው ወር ክፍላቸው ፋሲል ግንብን ሊጎበኝ ሄዶ ነበር። አንድ ልጅ የፈረሰውን ግድግዳ እያሳየ፣ "ይህን ያፈረሰው ግራኝ ነው፣ ያንቺ ዘመድ ነው" አላት። ሌሎቹም ተቀበሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ ስሟ ተረስቷል። ቤት ደግሞ አማቴ፣ እማማ ነው የምንላቸው፣ ማዕድ ላይ ግራ እጇን ባዩ ቁጥር በጣታቸው መታ ያደርጓታል። ክፋት የለባቸውም፤ ወዲያውም "በቀኙ ያቁምሽ" ብለው ይመርቋታል። ልጄ ግን ከሁለት ሳምንት ወዲህ ራት ላይ ግራ እጇን ከጭኗ ሥር አድርጋ ትቀመጥበታለች።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ልጆቻችሁ እንዲህ ያለውን ታሪክ ሲያዩ ምን ትሏቸዋላችሁ? እኔ ካርቱኑን ወድጄው ነበር። ከጥያቄዋ በኋላ ግን ደግሜ ላሳያት ፈራሁ።

ፒያሳ ጥግ · ሰኞ፣ ማታ 3፡05

እኔም ከልጆቼ ጋር አይቼዋለሁ። ሁለቱም ወደውታል፤ ትንሹ ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ጆሮውን በሻርፕ እያንጠለጠለ ሲሮጥ ከረመ። እህቴ፣ ተረት ያለ ችግር ተረት አይሆንም፤ ቀበሮ ካልመጣ ልጆቹ አሥር ደቂቃ ምን ያያሉ? የሚስቁባት መጥፎ እንደሠሩ ታይቷል፣ በመጨረሻም አፍረዋል። ለእኔ ይህ ይበቃል። ብዙ አትጨነቂ።

መምህር ከአዘዞ · ሰኞ፣ ማታ 3፡30

እህቴ፣ የታችኛው ክፍል መምህር ነኝ፤ ሃያ ሦስት ዓመት አስተምሬአለሁ። ከካርቱኑ በፊት ስለ ግንቡ ልናገር፤ ይህ ነገር በከተማችን ልጆች አፍ ሲመላለስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁና።

ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ብዙዎቻችን አሕመድ ግራኝ የምንለው፣ ወይና ደጋ ላይ ከአፄ ገላውዴዎስ ጦር ጋር ሲዋጋ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1543 ነው። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻቸው ያደረጓት በ1636 ነው። ልጆቹ ራሳቸው በጠመኔ ይቀንሱት፤ ዘጠና ሦስት ዓመት ይመጣል። እርሱ ሲሞት ከእነዚህ ግንቦች አንዱም አልተሠራም ነበር። ጎንደርን የጎዷት ሌሎች ናቸው። በ1866 አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አስዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። በ1888 ድርቡሽ መጥቶ በእሳት አነደዳት። በ1941 ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ ግንቦቹን ጎዳ። በአገራችን ግን የፈረሰ ነገር ባየን ቁጥር "ግራኝ ነው ያፈረሰው" ማለት ለምዶብናል፤ ይህ ልማድ ይኸው ዛሬ በአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ላይ ወደቀ። መምህርቷን አነጋግሪያት። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል፤ ልጆች ቀንሰው ያገኙትን መልስ አይረሱትም።

ሁለተኛው ነገር ዴስኩ ነው። ልጅሽ መሃል ወይም ቀኝ ጫፍ ላይ ከተቀመጠች ግራ ክርኗ ሁልጊዜ ከጎረቤቷ ቀኝ ክርን ጋር ይጋጫል። ግራ ጫፍ ላይ ትቀመጥ፤ ግጭቱ በዚያው ቀን ያበቃል። ደብተሯን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጊላት፣ የላይኛው ግራ ጥግ ከፍ ብሎ ይታይ። እርሳሱንም ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋ ትያዝ። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የግራኝ እጅ የጻፈውን እየሸፈነ፣ እያበሰም ያልፋል። ይህን ያላስተማርናቸው ልጆች እጃቸውን እንደ መንጠቆ ጠምዝዘው ይጽፋሉ፤ ከዚያ "ጽሑፏ አያምርም" እንላቸዋለን። ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው። እኔ ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል በየዓመቱ አምስት ስድስት አገኛለሁ። አምስት ስድስቱንም መስከረም ላይ ለይቼ ግራ ጫፍ አስቀምጣቸዋለሁ።

ስለ ካርቱኑ ልጅሽ ትክክል ናት። እኔም እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም ነበር።

አብነት ትምህርት ቤት የነበርኩ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ሰላም እህታችን። ለእማማ አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነ ይሰሙሻል። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 3 ላይ እግዚአብሔር እስራኤልን እንዲያድን ያስነሣው ብንያማዊው ናዖድ ግራኝ እንደነበረ ተጽፏል። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 20 ላይ ደግሞ ሰባት መቶ የተመረጡ ግራኞች አሉ፤ ድንጋይ ሲወነጭፉ አንዲት ጠጉር እንኳ አይስቱም። በወንጌል ጻድቃን በቀኝ፣ ኃጥአን በግራ ይቆማሉ መባሉ የጌታን ቀኝና ግራ ነው፤ ሕፃን ልጅ በየትኛው እጇ እንጀራ እንደቆረሰች የሚመለከት አይደለም።

ሌላም ልጨምር። የቅኔ መምህሬ ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔ ቆጥረን ፊታቸው ስንቆም፣ ቤት የጎደለ እንደሆነ በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን አንድ ጊዜ ነካ ያደርጋሉ፤ ቃል አይናገሩም። ያቺን ድምፅ ከሰማህ ተመልሰህ ትሄዳለህ። ሦስት ዓመት እግራቸው ሥር ተቀምጫለሁ፤ ከመካከላችን "ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ እንዲህ ይችላሉ" ብሎ የተደነቀ አላስታውስም። የምንደነቀው በቅኔያቸው ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ በተራ እየመራናቸው ወደ ማረፊያቸው እናደርሳቸዋለን። መምራቱም እንደ ውለታ አይቆጠርም ነበር፤ አንዱ ውሃ ይቀዳል፣ አንዱ እንጨት ይለቅማል፣ አንዱ መምህሩን ይመራል።

የማራኪዋ እናት · ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡20

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዛሬ ጠዋት መምህርቷን አነጋገርኋት። ስለ ዴስኩ ወዲያው እሺ አለችኝ፤ ስለ ቅጽል ስሙ ግን "ልጆች ናቸው፣ ይተዉታል" ነው ያለችው። የዓመተ ምሕረቱን ነገር በወረቀት ጽፌ ሰጥቻታለሁ።

አብነት ትምህርት ቤት የነበርክ ወንድሜ፣ ናዖድን ለእማማ ነገርኋቸው። መጽሐፉን አስወጥተው በጎረቤት ልጅ አስነበቡ፤ "ይገርማል" ብለው ዝም አሉ። ቅር አይበልህና አንድ ነገር ልበል። ናዖድም ያው ሕዝቡን አዳነ። ሰባት መቶዎቹም ጠጉር አይስቱም። የእኔ ልጅ የምትወነጭፈው ድንጋይ የላትም። ራት ላይ እጇን ከጭኗ ሥር አውጥታ መብላት ነው የምትፈልገው። የቅኔ መምህርህ ታሪክ ግን ልቤ ውስጥ ገባ፤ በተለይ የመምራቱ ተራ።

ፒያሳ ጥግ፣ የሚስቁባት አፍረዋል ያልከው እውነት ነው። ያፈሩት ግን ጆሮዋ ስለጠቀማቸው ነው። ሳይጠቅማቸው በፊት አላፈሩም።

አዲስ ዓለም ሰፈር · ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡10

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። መምህር ስለ ግንቡ ለጻፉት አመሰግናለሁ። በእኛ ቤት ስሙ ኢማም አሕመድ ነው፤ ልጆቼ ትምህርት ቤት ውስጥ ያ ስም ለስድብ ሲውል ሲሰሙ በሌላ በኩል ያማቸዋል። ስለዚህ አንድ የግራኝነት ስድብ ሁለት ዓይነት ልጅ ይጎዳል፤ በግራዋ የምትጽፈውንም፣ ሃይማኖቱ የተነካ የሚመስለውንም። ይህን መምህራን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

በቀኝ መብላት በእኛም ዘንድ የጠበቀ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እጁ ትሪው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲዞር ያዩትን ሕፃን "ቢስሚላህ በል፣ በቀኝህ ብላ፣ ከፊት ለፊትህ ብላ" ብለው እንዳስተማሩት በሐዲስ አለ። እኔም ለመጀመሪያ ልጄ ይህን አስተምሬዋለሁ፤ እርሱም ግራኝ ነው። በቀኝ ይበላል፣ በግራ ይጽፋል፣ በግራ ኳስ ይመታል። አንድም ቀን እጁን አልመታሁትም። ሲረሳ ጎኑ ቁጭ ብዬ የራሴን ቀኝ እጅ አሳየዋለሁ፤ ይስቃል፣ ይቀይራል። ማስተማር እንደሚቻል ልነግርሽ ነው እንጂ ሥርዓቱን ተዪው ለማለት አይደለም።

ባለሜትሩ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50

የግንባታ ባለሙያ ነኝ፤ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ግራኝ ነኝ። ሴት አያቴ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ግራ እጄን በነጠላ ጥለት ከወገቤ ጋር ያስሩት ነበር። ምሳ ላይ ይታሰራል፣ ከምሳ በኋላ ይፈታል። ሲፈታ አንጓዬ ላይ የጥለቱ መስመር ታትሞ ይቀራል፤ እርሱን እያየሁ ነው የምጫወተው። አያቴን እወዳቸው ነበር፤ እርሳቸውም ይወዱኝ ነበር።

ዛሬ በቀኜ እበላለሁ፣ በግራዬ እጽፋለሁ። አሁንም ድረስ የትንሿ ጣቴ ጎን ከሥራ ስመለስ በእስክሪብቶ ቀለም ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ባለቤቴ በዚያ ነው ቀኑን ሙሉ ፕላን ላይ እንደዋልኩ የምታውቀው። አዲስ ዓለም ያለችው ልክ ነው፣ በቀኝ መብላት መማር ይቻላል። እኔን የጎዳኝ የማዕዱ ሥርዓት አይደለም። የጎዳኝ እንግዳ ሲመጣ አያቴ "ይቅርታ፣ ይህ ልጅ ግራኝ ነው" ማለታቸው ነው። ምንም ሳላደርግ ይቅርታ ይጠየቅብኝ ነበር።

ልጅሽ እጇ ላይ መቀመጧን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

የአራዳ እናት · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

ሁላችሁም በአንድ ወገን ስለሆናችሁ እኔ ሌላውን ልናገር። አራት ልጆች አሳድጌአለሁ። ልጅ ነገ ሰርግ ትሄዳለች፣ ለቅሶ ቤት ትቀመጣለች፣ ከማታውቀው ሰው ጋር በአንድ ትሪ ትበላለች። እዚህ ጎንደር ሆና ግራ እጇን ትሪ ውስጥ ብትሰድ ሰው ፊቱን ያዞራል። ግራ እጅ ለምን እንደሚሠራበት ሁላችንም እናውቃለን። እማማም ይህን አስበው ነው መታ የሚያደርጓት፤ ነገ ሰው እንዳያዋርዳት። ካርቱን ሠሪዎቹ ለቅሶ ቤታችንን አያውቁትም። "እንዳለሽ ሁኚ" ብሎ ማሳደግ ለእናት ቀላል ነው፤ ከቤት ስትወጣ የሚጠብቃት ግን ያው ሰው ነው።

የማራኪዋ እናት · ረቡዕ፣ ማታ 2፡15

እትዬ፣ የጻፉት አልከበደኝም፤ እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው። ትናንት ማታ እማማና እኔ ልጄ ከተኛች በኋላ ተቀምጠን ተነጋገርን። ባለሜትሩ የጻፈውን አነበብኩላቸው። ስለ ጥለቱ ሲሰሙ "የእኔም ወንድም እንዲህ ይደረግ ነበር" አሉ፤ ይህን ከዚያ በፊት ነግረውኝ አያውቁም። የደረስንበት ይህ ነው፦ ጉርሻ ስትሰጥና ከሰው ጋር ስትበላ በቀኟ እንድትለምድ፣ ያለ ምት፣ ጎኗ ተቀምጠን። በሌላው ሁሉ እጇ የራሷ ነው። እማማ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፤ ሁለቱንም እጇን በሳሙና ትታጠብ አሉ። ተስማማን።

ጥያቄዋ ግን አሁንም አልተመለሰም። "ቀበሮው ባይመጣስ?" ለእጇ መፍትሔ አገኘን እንበል። ለጥንቸሏስ?

የአንድ ልጅ አባት · ረቡዕ፣ ሌሊት 5፡30

ክሩን ከሰኞ ጀምሮ ስከታተል ነበር፤ ልጽፍ ብዬ ሁለት ጊዜ አጥፍቻለሁ።

የሁላችሁም ልጆች በመጨረሻ መንገድ ያገኛሉ። ግራ እጅ ዴስኩ ጫፍ ላይ ሲያስቀምጡት ይረሳል። የእኔ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ "ውሃ"፣ "አባ"፣ "በቃ"። ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን ይይዛል፣ መሬት ላይ ይወድቃል። ሦስት ዓመት ሙሉ በየጸበሉ ይዤው ዞሬአለሁ፤ አልቆጭበትም፣ እምነቴ ነው። ለያዘው ነገር ስም እንዳለው ያወቅሁት ግን ወይዘሮ ዘሚ የኑስን በቴሌቪዥን ካየሁ በኋላ ነው። እርሳቸው ከገዛ ልጃቸው ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በ2021 ሲያርፉ እንደ ዘመዴ አለቀስኩ።

አሁን ስለ ቀበሮው። ልጄ ኦቲዝም እንዳለበት ለሰው ስናገር መጀመሪያ አዝነው ዝም ይላሉ፤ ቀጥለው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። "ታዲያ ምን ይችላል? ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው? ሥዕል ይሥላል?" ከፊልም ይሁን ከየትም አላውቅም፣ እንዲህ ያለ ልጅ አንድ ድንቅ ችሎታ ተደብቆ ሊኖረው ይገባል ብለው ያምናሉ። "አይ፣ የለውም" ስላቸው ከመጀመሪያው ይበልጥ ያዝናሉ። አንዳንዱማ "ቆይ፣ ይወጣል፣ እግዚአብሔር በአንድ በኩል ሲነሣ በአንድ በኩል ይሰጣል" ይለኛል። ለማጽናናት ነው፣ አውቃለሁ። እኔ የምሰማው ግን "ቀበሮው እስኪመጣ ጠብቅ" የሚል ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሞላው፣ ቀበሮው አልመጣም። ላይመጣም ይችላል። በዚህ መካከል ከማን ጋር ይጫወት?

እህቴ፣ ልጅሽ የጠየቀችው የእኔን ጥያቄ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመት የፈጀብኝን እርሷ በአሥር ደቂቃ ካርቱን ደረሰችበት።

እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ፋሲል መዋኛ እወስደዋለሁ። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ካልተሞላ በቀር ገንዳው ደረቅ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ግድግዳውን ያቀፉትን ትልልቅ የዛፍ ሥሮች ታውቋቸዋላችሁ። ልጄ ጉንጩን ሥሩ ላይ ያደርግና በአውራ ጣቱ ድንጋዩና ሥሩ የተገናኙበትን መስመር እየተከተለ ይሄዳል፤ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ ግማሽ ሰዓት። ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ከወላጆቿ ጋር መጥታ አየችው። ምን እንደሚያደርግ አልጠየቀችኝም። ከጎኑ ሄዳ እርሷም ጉንጯን ሥሩ ላይ አደረገች፣ "ይቀዘቅዛል" አለች። ልጄ ቀና ብሎ አላያትም። ግን ትንሽ ተጠጋላት፤ ቦታ ለቀቀላት። እናቷ "ነይ፣ አትረብሺው" ብላ ጠራቻት፤ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሦስት እሑድ እዚያ በዚያው ሰዓት ሄደናል፤ ምናልባት ትመጣ እንደሆነ ብዬ።

ፒያሳ ጥግ · ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡50

ወንድሜ፣ ሰኞ ማታ "ብዙ አትጨነቂ" ብዬ ጽፌ ነበር። ቃሌን አንሥቻለሁ። እሑድ በስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት? የእኔ ልጆች ጯሂዎች ናቸው፤ ትንሹን ብቻ ይዤው ልምጣ? ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

ከሜሪላንድ · ሐሙስ፣ ቀትር 7፡40

ሰላም ጎንደር። ያደግኩት ቁስቋም አካባቢ ነው። ወንድሜ የጻፍከውን አነበብኩ፤ ሁለት ጊዜ።

አንድ ነገር ላካፍላችሁ። እዚህ አሜሪካ ለረጅም ዘመን ለልጆች በሚቀርበው ሰሰሚ ስትሪት ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 ጁሊያ የምትባል፣ ኦቲዝም ያለባት አሻንጉሊት ገጸ ባሕርይ ገባች። ትልቁ ቢጫ ወፍ ሲተዋወቃት አትመልስለትም፤ የጠላችው ይመስለዋል። ሌሎቹ አለመጥላቷን፣ ኦቲዝም እንዳለባት ያስረዱታል። ኋላ አባሮሽ ሲጫወቱ ጁሊያ በደስታ መዝለል ትጀምራለች። "ጨዋታው እንዲህ አይደለም" የሚላት የለም፤ እነርሱም እየዘለሉ ጨዋታውን የዝላይ አባሮሽ ያደርጉታል። ቀበሮ የለም፣ የዳነ የለም። አሻንጉሊቷን የምታንቀሳቅሰው ስቴሲ ጎርደን የራሷም ልጅ ኦቲዝም አለበት፤ ሠሪዎቹ ነገሩን ከቤት የሚያውቅ ሰው መርጠዋል ማለት ነው።

ፒያሳ ጥግ ሰኞ ዕለት "ቀበሮ ካልመጣ ልጆቹ ምን ያያሉ?" ብሎ ነበር። ያያሉ፤ ልጆቼ ያንን ክፍል ደጋግመው አይተውታል። ከዚያ በኋላ ሳሎን ውስጥ የዝላይ አባሮሽ ብቻ ሆነ።

ለማራኪዋ እህቴ፦ ለልጅሽ የግራ እጅ መቀስ ልላክላት። ተራው መቀስ በግራ ሲያዝ ስለቶቹ ይራራቁና ወረቀቱን ሳይቆርጡ ያጥፉታል፤ የምትቆርጠውን መስመርም የላይኛው ስለት ይሸፍንባታል። ሰው ልጆቹ ቆርጠው መለጠፍ ያቃታቸው ይመስለዋል፣ ጥፋቱ ግን የመቀሱ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚመጣ ዘመድ አለኝ።

የአራዳ እናት · ሐሙስ፣ ማታ 1፡20

የአንድ ልጅ አባት፣ የኔ ልጅ፣ ጽሑፍህን አንብቤ አለቀስኩ። "እግዚአብሔር በአንድ በኩል ይሰጣል" ከሚሉት አንዷ እኔ ነኝ። ለጎረቤቴ ልጅ ብዬዋለሁ፣ አንድ ጊዜም አይደለም። እናቷ ሁልጊዜ "አሜን" ትለኝ ነበር። ነገ ጠዋት ቡና ልጠራት ነው፤ ከልጇ ጋር።

የአንድ ልጅ አባት · ሐሙስ፣ ማታ 3፡45

ፒያሳ ጥግ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልጅህ ቢጮህም እናያለን፤ የእኔው "በቃ" ማለት ይችላል።

እትዬ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

የማራኪዋ እናት · እሑድ፣ ማታ 2፡00

ሰላም። ረጅም ሳምንት ነበር። መምህርቷ ዓርብ ዕለት ቁጥሮቹን ሰሌዳ ላይ ጽፋ አስቀንሳቸዋለች። ልጄ ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ "ዘጠና ሦስት!" አለችኝ። ቅጽል ስሙ ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ ግንቡን አፈረሰች የሚላት ግን የለም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ወለሉ ላይ ተኝታ ስትሥል ቆየች። ጥንቸሎቹን ነው የሣለችው። ሰባት ናቸው፤ ትልቅ ትሪ ከበዋል፣ ትሪው ላይ እንጀራና ጎመን አለ። ጆሮዋ የተንጠለጠለው መሃል ተቀምጣለች፤ ጆሮዋ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል፣ አንዲት ሌላ ትንሽ ጥንቸል እርሱን ተደግፋ ትበላለች። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"ቀበሮው የታለ?" አሏት።

"አልመጣም።"

"ታዲያ ማን አዳናቸው?"

"ማንም። ምሳ ሰዓት ነው" አለቻቸው፤ ቀና ሳትል፣ በግራ እጇ ጎመኑን አረንጓዴ እየቀባች።

የአንድ ልጅ አባት · እሑድ፣ ማታ 2፡25

ሥዕሉን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ልጄ አልጋ አጠገብ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ። ዛሬ ጠዋት የፒያሳ ጥግ ልጅ መጥቶ ነበር፤ ሥሩን ሁለቱም በየጫፉ ይዘው መሃል ላይ ተገናኙ።

የማራኪዋ እናት · እሑድ፣ ማታ 2፡31

ፎቶውን አሁን እልክልሃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ አንሥቼው ነበር። ዋናውን ማግኘት አልቻልኩም። እማማ ዳዊታቸው ውስጥ አድርገውታል።